አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠይቅ ማሽን

ማንአለብሽ አለበል ስታስተረጉም ቃል ጨምራም ቀንሳም አታውቅም። ይህን ራሷ ትናገራለች፤ የሚያውቋትም አይክዱም፤ ከፊሎቹ ግን እንደ ምስጋና ሳይሆን በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አድርገው ነው የሚያነሡት።

ከጎንደር እስራኤል ውስጥ ወዳለችው ቂርያት ጋት ከተማ የመጣችው በልጅነቷ ነው። ዕብራይስጡን ከወላጆቿ ቀድማ ስለያዘች፣ እንደሚኖሩበት ብሎክ ልጆች ሁሉ የቤቱ አስተርጓሚነት ሹመት ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ተሰጣት። ቆፓት ሖሊም በሚሉት ክሊኒክ የእናቷን የጨጓራ ሕመም ለሐኪሙ፣ በባንክ የአባቷን ጥያቄ ለጸሐፊዋ፣ በማዘጋጃ ቤት የጎረቤትን እሮሮ ለማይሰማ ሰው ታደርስ ነበር። ሌሎች ልጆች በዚህ ሥልጣን መጠቀም ያውቁበታል፤ መምህርት «ልጅህ ክፍል ይበጠብጣል» ስትል «ንቁ ልጅ ነው ትላለች» ብሎ ያሻገረ፣ ዛሬ ግን የተከበረ የቤተሰብ አባት የሆነ ሰው በየፎቁ አይጠፋም። ማንአለብሽ በወላጆች ቀን በአባቷና በመምህርቷ መካከል ቆማ፣ «ልጅዎ ግትር ናት፤ ስትታረም ታኮርፋለች፤ የሌላውን ስሕተት ከራሷ ስሕተት አብልጣ ትወዳለች» የሚለውን ሙሉ ክስ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ አስረከበች። የመምህርቷን «አንተ» «እርስዎ» እያለች ማሻገሯን እንደ ጭማሪ አትቆጥረውም፤ እሱ አስተዳደግ እንጂ ቃል አይደለም ባይ ናት። አባቷ አቶ አለበል አድምጠው ሲያበቁ፣ «በራሷ ላይ እንዲህ የምትመሰክር ልጅ ማሳደጌን አላውቅም ነበር» አሉ። ይህንንም ለመምህርቷ ተረጎመችላት።

እንዲህ ያለ ሰው ሲያድግ የሚገባበት ሥራ ጥቂት ነው፤ ደግነቱ አንዱ እዚያው ቂርያት ጋት ተገኘ። ማንአለብሽ ከሠራዊቱ ተሰናብታ፣ የምህንድስና ኮሌጅ ጨርሳ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ጥግ ባለ አነስተኛ ድርጅት ተቀጠረች። ድርጅቱ ለፋብሪካ ማሽኖች ሰማያዊ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ይሠራል። በሣጥኑ ውስጥ የጥፍር ያህል ኮምፒውተር አለች፤ ማሽኗ መቼ እንደምትሞቅ፣ መቼ እንደምትወርድ፣ መቼ እንደምትቆም የምታዘው እሷ ናት።

የድርጅቱ ባለቤት ኦፊር መልካም ሰው ነው፤ በልጆቹና በአንድ ሌላ ነገር ይመካል። ያ ሌላው ነገር፣ ለማሽኖች ትእዛዝ የሚጻፍበት፣ በወጣትነቱ ራሱ የፈጠረው ቋንቋ ነው። ቋንቋው ትንሽ ነው፤ የትኛውም የጥገና ሠራተኛ አንብቦ ይረዳዋል። በዚህ ቋንቋ «መከለያው ከተከፈተ ቁም» ማለት፣ ለሰው «መከለያው ከተከፈተ ቁም» ከማለት ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር ይህን ቋንቋ አትሰማም። ስለዚህ ኦፊር የሠራው አስተርጓሚ ፕሮግራም ትእዛዙን በመጀመሪያ የዓለም መሐንዲሶች ሁሉ ወደሚያውቁት፣ ሲ ወደሚባለው ቋንቋ ያሻግረዋል፤ ቀጥሎ ከውጭ የተገዛ ሌላ አስተርጓሚ ሲውን ወደ ቁጥር ይመልሰዋል፤ ኮምፒውተሯ የምትሰማው ቁጥሩን ነው። ገበሬው ለልጁ፣ ልጁ ለጸሐፊው፣ ጸሐፊው ለዳኛው የሚናገርበት ችሎት ማለት ነው። ማንአለብሽ ይህን ሰንሰለት ባየች ቀን፣ በማታውቀው አገር የአገሯን ሰው ያገኘች ያህል ደስ አላት።

አቶ አለበልም የሚሠሩት እዚያው ቀጠና ውስጥ፣ የምግብ ትሪ በላስቲክ በሚያሽግ ሚፍዓል፣ ማለትም ፋብሪካ ነው። በማሸጊያ ማሽናቸው ጎን የተሰቀለው ሰማያዊ ሣጥን የልጃቸው ድርጅት ሥራ መሆኑን ካወቁ ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ ከመውጣታቸው በፊት በጨርቅ ይወለውሉታል። «የልጄን ቤት አቧራ አላስበላውም» ይላሉ። እሷ የጻፈችው ከትእዛዙ ጥቂቱን ብቻ እንደሆነ ደጋግማ አስረድታቸዋለች፤ እሳቸው ግን የእሷ ድርሻ የትኛው ጥግ ላይ እንዳለ ስለማያውቁ ሁሉንም ይወለውላሉ።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት፣ ማሽኗ ትኩስ ማሸጊያዋን ይዛ በመውረድ ላይ ሳለች ትሪ ተንጋደደ። አቶ አለበል እንደ ልማዳቸው መስተዋት የመሰለውን መከለያ ከፍተው ትሪውን ሊያቃኑ እጃቸውን ሰደዱ። መከለያው ሲከፈት መቆም የነበረባት ማሽን አልቆመችም። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ከትሪው ጋር አብረው ታሸጉ። ሐኪሞቹ ጣቶቹን አተረፏቸው፤ መታጠፍን ግን አላስመለሱላቸውም።

ችግሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሐዘን ብቻ በሆነ ነበር። ሰማያዊው ሣጥን ግን የሠራውን ሁሉ ያስታውሳል፤ በዚያ ጠዋት መከለያው ለአፍታም እንዳልተከፈተ ያስታውሳል። መከለያው ካልተከፈተ እጅ ሊገባ የሚችለው ከሥር ባለችው ስንጥቅ ብቻ ነው፤ በስንጥቋ እጁን የሰደደ ሠራተኛ ደግሞ በሚፍዓሉ ደንብ ይሰናበታል። አቶ አለበል ጡረታቸው ቀርቧል፤ በዚያ ዕድሜና በእነዚያ ጣቶች ሌላ ቀጣሪ አያገኙም። ከዚህም በላይ፣ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ማንም «ደንብ ጣስህ» ብሏቸው አያውቅም።

ከስንብት በፊት ሠራተኛው ቃሉን የሚሰጥበት ስብሰባ አለ፤ ሺሙዓ ይሉታል። ማንአለብሽ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ እንደ ጥንቱ በአባቷና በዕብራይስጥ መካከል ተቀመጠች። ማዶ የተቀመጠችው አናት የምትባለው የሚፍዓሉ የደኅንነት ኃላፊ ነች፤ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ እንዳጣች ዓይኗ ይናገራል።

«የሆነውን በራስህ አፍ ንገረኝ» አለች አናት።

«መከለያውን ከፈትሁ፤ እሷ ግን ወረደች» አሉ አቶ አለበል።

አናት የኮምፒውተሯን መስኮት ወደ እነሱ አዞረች። «ሣጥኑ ዝግ ነበር ይላል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እኔ ምን ላድርግ?»

ማንአለብሽ ተረጎመች። አባቷ አናትን ቀና ብለው አዩዋት፤ ቀይ ዓይኗን፣ ቀዝቅዞ የተረሳውን ብርጭቆዋን። በእሳቸው ምክንያት የተቸገረች መሰላቸው። ከወንበራቸው ጥቂት ተነሥተው ደኅናውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ።

«እንግዲህ ምን ይደረግ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ።»

ማንአለብሽ አባቷን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች። አናት እጇን ወደ ቁልፎቹ ሰደደች፤ ለጥቂት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ ተሰማ። አቶ አለበል ግን ቆመው ይጠብቁ ነበር። ኳኳታው ሲያበቃ አናት «ውሳኔውን እናሳውቃችኋለን» ብላ ተነሣች፤ እሳቸውም የጠበቁት ሳይመጣ ተቀመጡ።

ማታ እቤት፣ እናቷ ወይዘሮ ባይነሽ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ።

«ሁለት ጣት አስበልቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንተን አየሁ። እጅህን ሙሉ ብትበላህ ኖሮ ምናልባት ትሸልማት ነበር።»

«አንቺ ደግሞ፤ ነገር ማብረድ አታውቂ።»

«አባ» አለች ማንአለብሽ፣ «መከለያውን ከፍተውታል ወይስ አልከፈቱትም?»

«ከፈትሁ አልሁሽ እኮ።»

«ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው ለምን አሉ?»

አቶ አለበል፣ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አልመሰላቸውም። «ለሰላም ነዋ! ሁለት ሰው ሲጣላ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ቀድሞ ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ያኛውም፣ ኧረ የለም፣ የኔ ነው ይላል። ከዚያ ልብ ይበርዳል። እውነቱ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰው ሳይታረቅ እውነት ይነጋገራል እንዴ?»

«እሷ ግን አልመለሰችም።»

«አልመለሰች። ዝም አለች፤ ጻፈች።» ጥቂት አሰቡ። «አንቺ ምን ብለሽ ነው ያስተረጎምሽላት?»

«ያሉትን።»

«ያልሁትን ብቻ?»

«ያሉትን ብቻ።»

«እንግዲያ አልነገርሻትም» አሉ አቶ አለበል። ንግግሩ የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም፤ ለዚህም ነው ማንአለብሽ ካርሜ ጋት ሰፈር ወዳለው ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በአውቶቡሱ ውስጥ አብሯት የተጓዘው።

በማግሥቱ ኦፊር ዘንድ ገባች። ኦፊር የማሽኗን ትእዛዝ፣ ያን በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን፣ አውጥቶ ከፊቷ ዘረጋው። ማሽኗ እስክትወርድ ድረስ፣ በየቅጽበቱ መከለያውን ተመልከት፤ ከተከፈተ ቁም ይላል። ግድፈት የለውም።

«የአራተኛ ክፍል ልጅ ያነበዋል» አለ ኦፊር። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ማና፣ አባትሽን እወደዋለሁ። ሣጥኔን በጨርቅ የሚወለውል ደንበኛ ሌላ የለኝም። ግን ሰው በሥቃይ ሰዓት ያደረገውን አያስታውስም። እንደከፈተ ይመስለዋል። አይዋሽም፤ ይመስለዋል።»

ከዚህ በኋላ የነበሩትን ቀናት ማንአለብሽ መናገር አትወድም። ሣጥኑ እንደ እሷው ጨምሮም ቀንሶም የማያውቅ ምስክር ነው፤ አባቷ ደግሞ ለሰላም ሲሉ ያልሠሩትን ጥፋት የሚወስዱ ሰው ናቸው። ለሰላም ሲል አንድ ጊዜ እውነትን ያሳለፈ ሰው፣ ልጁን ላለማሳፈር ሁለተኛ አያሳልፍም? ይህን ማሰቧ አሳፈራት፤ ማሰቡን ግን አልተወችም። እራት ልትበላ ወላጆቿ ዘንድ ስትሄድ አባቷ ዳቦውን በአንድ እጅ ሲቆርሱ አየች፤ ልትረዳቸው እጇን ስትዘረጋ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የጠረጠረችውን ሳያውቁባት አልቀሩም።

መፍትሔው የመጣው ከአባቷ ንግግር ነው፤ እሳቸው ስለ ሲ አንዳች ባያውቁም። «ያልሁትን ብቻ?» የሚለው ከጆሮዋ አልወጣ ሲላት፣ አንድ ማለዳ በሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ነገር ገባት። እሷና ኦፊር ያነበቡት ኦፊር ያለውን ነው። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደነገረ ግን ማንም አላነበበም። የሚያነበውም የለም፤ አስተርጓሚ ፕሮግራም የሚጽፈው ሲ፣ ስሞቹ በቁጥር የተለወሱ፣ ሰው እንዲያነበው ያልታሰበ ጽሑፍ ነው። እሷ ከፈተችው፤ የልጅነት ሥራዋ ነበርና፣ የኦፊርን ዐረፍተ ነገርና የሲውን ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን አድርጋ ማመሳከር ጀመረች።

ሲ አንድ ጠባይ አለው። ፕሮግራሙ ራሱ ያልለወጠውን ነገር፣ ማንም ያልለወጠው አድርጎ ይወስደዋል። ደግመህ ጠይቅ ቢሉት፣ ታታሪ የሆነ የሲ አስተርጓሚ «ቅድም ጠይቄያለሁ፤ መልሱ እጄ ላይ ነው» ብሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ይሰርዘዋል። ይህ ቁጠባ ነው፤ በቁጠባውም ይመሰገናል። ነገሩ ከውጭ ወሬ የሚያመጣ ሽቦ ከሆነና ከሽቦው ማዶ መከለያ የሚከፍት ሰው ካለ ግን፣ ከስሙ በፊት «ቮላታይል» የምትባል አንዲት ቃል ማስቀደም ግድ ነው፤ ትርጉሟም «ይህ አንተ ሳታውቅ ይለወጣልና በጠራኸው ቁጥር ሄደህ እየው» ማለት ነው። በኦፊር ቋንቋ ይህች ቃል የለችም፤ አታስፈልግምም። እዚያ ሽቦን መጥራት ማለት ሽቦውን ማየት ማለት ነው፤ የታወቀ ነው፤ የታወቀ ነገር አይነገርም።

የኦፊር አስተርጓሚ ይህን አያጣውም፤ በየሽቦው ፊት ቃሏን ያስቀምጣል። የአባቷን ማሽን ትእዛዝ የጻፈው ሰው ግን ለመከለያው ሽቦ ሁለተኛ ስም አውጥቶለት ነበር፤ በቤቱ አንድ፣ በመታወቂያው ሌላ ስም እንዳለው እንደ ብሎኩ ሰው ሁሉ። አስተርጓሚው ሽቦው በመታወቂያ ስሙ ሲጠራ ቃሏን ያስቀድማል፤ በቤት ስሙ ሲጠራ ይዘነጋታል። ለዓመታት ይህ ማንንም አልጎዳም፤ አሮጌው የሲ አስተርጓሚ ቁጠባ የማያውቅ ስለነበር ቢነገረውም ባይነገረውም ሄዶ ያያል። ባለፈው የዝናብ ወራት ድርጅቱ አዲስ፣ ታታሪ አስተርጓሚ ገዛ። ፕሮግራሞቹ አጠሩ፤ የአባቷን ጨምሮ ሣጥኖቹ ሁሉ ታደሱ፤ ለደስታው ቡሬካስ ተበላ። ማንአለብሽም በልታለች።

ሰማያዊ ሣጥን አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረች፤ በማሽኗ ቦታ አምፖል፣ በመከለያው ቦታ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመች። ማብሪያውን እንደ ክፍት መከለያ አድርጋ ስታስጀምረው አምፖሉ አልበራም፤ ደግ፤ ማሽኗ መውረድ ሳትጀምር መከለያውን የከፈተ ሁሉ እስካሁን ያልተጎዳው ለዚህ ነው። እንደ ዝግ መከለያ አድርጋ አስጀመረችና፣ አምፖሉ ከበራ በኋላ ወደ ክፍት መለሰችው። አምፖሉ አልጠፋም፤ ሥራውን እስኪጨርስ በርቶ ቆየ። ሣጥኑን ምን እንደሚያስታውስ ጠየቀችው። ዝግ ነበር አለ። ሣጥኑ አልዋሸም፤ መጀመሪያ ጠይቆ «ዝግ ነው» ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

ኦፊርን ጠራችው። ሙከራውን ደጋግሞ በገዛ እጁ ሠራ፤ ቀጥሎም እንደ ማንኛውም ፈጣሪ ለፍጥረቱ ጥብቅና ቆመ።

«ሲ ሕጉን አልጣሰም።»

«አልጣሰም።»

«በኔም ቋንቋ ትእዛዙ ትክክል ነው።»

«ትክክል ነው።»

«ታዲያ ማነው ያጠፋው?»

«አስተርጓሚህ ያልከውን በሙሉ ለሲ ተረጎመለት» አለች ማንአለብሽ። «ያላልከውን ግን፣ አንተ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ የማትለውን፣ አልነገረውም።»

ኦፊር ተቀመጠ። ሰማያዊ ሣጥን ያለባቸውን ሚፍዓሎች በዓይነ ሕሊናው ከአሽቀሎን እስከ ቤርሼባ ሲያያቸው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ጠበቃው ጋ ደወለ፤ ጠበቃው ነገሩ በገለልተኛ ባለሙያ እስኪጣራ ድረስ ጥፋት የሚያምን ቃል ከአፉ እንዳይወጣ መከረው። የአቶ አለበል ውሳኔ በዚያው ሳምንት ይወጣ ነበር።

«ጥቂት ቀን ስጪኝ» አላት።

«ማሽኖቹ ዛሬም እየወረዱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«እያስተረጎምኩልህ ነው፤ ዝም ስትል ምን እያልክ እንደሆነ።»

ኦፊር ጠበቃውን ሳያማክር ስልኩን አነሣ፤ ለደንበኞቹ ሁሉ ማሽኖቻቸውን እንዲያቆሙ ነገራቸው። ከከሰሩት ሚፍዓሎች በአንዱ ተሸጣ የት እንደገባች ያልታወቀች አንዲት ማሽን አለች፤ እሷን እስካሁን ይፈልጋል።

ወደ አቶ አለበል ሚፍዓል ግን ራሱ ሄደ። በእጅ ፋንታ ዱባ አስገብተው ማሽኗን ሞከሯት፤ መከለያው ተከፍቶ ማሽኗ ወረደች፤ ዱባው የሆነውን ሆነ። አናት ከዱባው ላይ ዓይኗን ለማንሣት ጊዜ ወሰደባት። የስንብቱ ነገር እዚያው ቀረ፤ አቶ አለበል እጃቸው እንደዳነ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። ከዚያ ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ ገቡ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች አናት። «ካላጠፋ ጥፋቱ የኔ ነው ለምን አለ?»

ማንአለብሽ አባቷ እስኪመልሱ አልጠበቀችም። የሽማግሌውን፣ የዕድሜውን፣ ቀድሞ ጥፋትን የመውሰዱን፣ የሚጠበቀውን መልስ ሁሉ ነገረቻት። ኦፊር ከወንበሩ ጫፍ ሆኖ ሲሰማ፣ ስለ ማን እንደሚወራ እንዳልገባው ሰው ጫማውን ያይ ነበር። አናት የኮምፒውተሯን ክዳን ዝቅ አደረገች።

«ይህን አልጽፈውም» አለች። «ግን ንገሪው። አንዴ ጠይቄ፣ ከእሱ ይልቅ ሣጥኑን አመንኩ። እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

ማንአለብሽ ተረጎመች። የአቶ አለበል ፊት ፈታ አለ። ደኅናውን እጃቸውን አነሡ፤ ነገሩ በመጨረሻ እንደ ወጉ መሄድ ጀምሯል።

«ኧረ የለም፣ የኔ ልጅ፤ አንቺ ምን አደረግሽ። ቀዩን ቁልፍ ሳልጫን መከለያውን የከፈትሁ እኔ ነኝ እንጂ።»

በማሽኗ ጎን ቀይ ቁልፍ አለ። ደንቡ መከለያውን ከመክፈት በፊት ቀዩን ቁልፍ ተጫን ይላል። ማንአለብሽ ይህን ታውቃለች፤ አናትም ታውቃለች። ሁለቱም ያላወቁት፣ አለመጫናቸውን ነበር።

«ምን አለ?» አለች አናት፤ እጇ ክዳኑ ላይ ነበረ።

«አመሰገነሽ» አለች ማንአለብሽ።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ቀነሰች፤ የቀነሰችውም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበር። የማታወላውል ሰው ስታወላውል አይመችባትም፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ከአባቷ ቀድማ ሄደች። አቶ አለበል ዕብራይስጥ ባይናገሩም፣ «አመሰገነሽ» ለማለት የሚፈጀውን ጊዜ የማያውቁ ሰው አይደሉም።

አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ፣ «የቀዩን ቁልፍ ነገርሻት?» አሏት።

«ነግሬያታለሁ።»

አውቶቡስ መጣ፤ የእነሱ አልነበረም፤ ሄደ።

«የቀዩን ቁልፍ ነገርሻት ወይ?»

ማንአለብሽ የሄደውን አውቶቡስ በዓይኗ ተከተለች። አቶ አለበል ቀስ ብለው ደኅናውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «ይሁን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሰው ፊት አስጨነቅሁሽ።» ከዚያም፣ ያን ቀን አናት ፊት እንደጠበቁት፣ ጠበቁ።

ማንአለብሽ ይህ ወግ ሲደረግ እያየች አድጋለች፤ በገዛ አፏ ብላው ግን አታውቅም። «የለም አባ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። አልነገርኳትም። ከዚያም በፊት ሣጥኑን አምኜ እርስዎን ተጠራጥሬ ነበር።»

«አውቄብሻለሁ። ዳቦ የሚቆርስ ሰው እንዲያ አይታይም።» ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ። «በይ አሁን እውነቱን እንነጋገር። ቀዩን ቁልፍ ማንም አይጫነውም። ከተጫኑት ማሽኗ ትቀዘቅዛለች፤ ተመልሳ እስክትሞቅ ሥራው ይቆማል፤ የፈረቃው አለቃ ይጮኻል። ስለዚህ ሁላችን መከለያውን ከፍተን ትሪውን እናቃናለን፤ ሣጥኑ ያቆማታል ብለን። ከኔ ወንበር ወዲህም ወዲያም ያሉት እንዲሁ ናቸው።»

«ይህን ከነገርኳት ደንብ ጥሷል ብለው ያባርሩዎታል።»

«ይሆናል።»

«እና?»

«እኔ ብባረር በወንበሬ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ለሱ ማን ያስተረጉምለታል?»

ማንአለብሽ ስልኳን አውጥታ አናት ጋ ደወለች። አናት ስታነሣ፣ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብላ፣ ቅድም አንድ ነገር አስቀርቼብሽ ነበር አለች። የአባቷን ዐረፍተ ነገር እንዳለ አስረከበች፤ ቀጥሎም የፈረቃውን አለቃ ጩኸትና የሌሎቹን ወንበሮች ነገር ጨመረች። ስትጨርስ ከማዶ ድምፅ አልመጣም።

«ምን አለች?» አሉ አቶ አለበል።

«ዝም አለች።»

«እየጻፈች ነው?»

ማንአለብሽ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠች። የቁልፍ ኳኳታ አልነበረም፤ ሩቅ የማሽኖች ድምፅ ብቻ ይመጣ ነበር።

«አትጽፍም።»

«እንግዲያ ቆይ» አሉ፤ የማይታጠፉትን ጣቶቻቸውን በደኅናው እጃቸው ሸፍነው። «አትቸኩያት።»

የእነሱ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሾፌሩ አያቸው፤ ሁለቱም አልተነሡም፤ ዘግቶ ሄደ።